«እግዚአብሔር አለ» የቱ ጋ ይጻፍ?

«ጋሼ እንደምን ከረሙ? ምኖረው አዘዞ ነው፣ እዚሁ ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ትምህርቱ ፋክት እና ኦፒኒየን፣ እውነታና አስተያየት፣ ሚባለው ነበር፣ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል ፋክት በሌላው ኦፒኒየን ብዬ ጻፍኩና ልጆቹ ዓረፍተ ነገር እያመጡ የቱ ጋ እንደሚገባ ይናገራሉ። ‹ጎንደር አማራ ክልል ውስጥ ናት› ፋክት፣ ‹ሽሮ ከምስር ይጣፍጣል› ኦፒኒየን፣ እየተሳሳቅን ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዛ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ‹ቲቸር፣ እግዚአብሔር አለ ሚለውስ?› አለኝ። ክፍሉ ጸጥ። አንዷ ሙስሊም ተማሪዬ ‹አላህ አለ፣ ፋክት ነው› አለች፣ ከኋላ ደሞ አንዱ ‹ማስረጃ ካልታየ ፋክት አይደለም ብለሽን የለ ቲቸር?› አለ። ቾኬን ይዤ ቀረሁ። ደወል ሲደወል ‹ሰኞ እናየዋለን› ብዬ ወጣሁ።

ማታ ቡና ላይ ሳወራው ታናሽ ወንድሜ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው፣ ቀና እንኳን ሳይል ‹ኦፒኒየን ነዋ! ፕሩፍ የሌለው ነገር ሁሉ ኦፒኒየን ነው› አለ። እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነበር፣ ጀበናውን አስቀመጠችና ‹ጌታዬ አስተያየት ሆነ?› ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። በረካው ሳይቀዳ ቀረ። እስካሁን አይነጋገሩም። ወንድሜ ዶርም አብሮት ይኖር የነበረው ጓደኛው ከሞተ ወዲህ ቤተክርስቲያን መሳለም ትቷል። ማናቸው ናቸው ትክክል? ሰኞስ ለልጆቹ ምን ልበል?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለሰኞው ክላስ ብዬ፣ አንዴ ደሞ መጨረሻ ላይ ሹልክ አርገሽ ላስገባሻት ስለ ወንድምሽ ጓደኛ ለምታወራዋ መስመር። ወደሷ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ሰሌዳው።

ሳላንዛዛ ልንገርሽ፣ ወንድምሽ ተሳስቷል። ተሳስቷል ያልኩት ግን እኔ አማኝ ስለሆንኩ አይደለም፣ እሁድ እሁድ ጋቢዬን ለብሼ ምሄድ ሽማግሌ ብሆንም ነገ ጠዋት ተነስቼ አምላክ የለም ብል እንኳን ወንድምሽን ተሳስተሃል ነው ምለው።

«ሽሮ ከምስር ይጣፍጣል» ስትዪ ምታወሪው ስለ ምላስሽ ነው። እኔ የለም ምስር ይበልጣል ብል ሁለታችንም አልተሳሳትንም፣ ሽሮው ውስጥ ተደብቆ የተቀመጠ የመጣፈጥ ልክ የለማ። «እግዚአብሔር አለ» ስትዪ ግን ስለ ምላስሽም ስለ ስሜትሽም እያወራሽ አይደለም፣ ወይ ስላለ ወይ ስለሌለ ነገር ነው ምታወሪው። ካለ፣ አንቺም ወንድምሽም እኔም ሳንወለድ ነበረ፣ የአዘዞ ሰው በሙሉ ነገ ተነስቶ የለም ቢል ቅንጣት አይጎድልበትም። ከሌለ ደሞ ጎንደር ሙሉ ወጥቶ እስኪነጋ እግዚኦ ቢል አይመጣም። «ላንቺ አለ ለኔ የለም» ሚባል ነገር ለሽሮ ይሆናል እንጂ ለመኖርና ላለመኖር አይሆንም።

እንዴ ታዲያ ፋክት ነው በላ እንዳትዪኝ፣ ቆይ።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጣሪያውን መቼም ታውቂዋለሽ፣ በእንጨቶቹ መሃል በረድፍ በረድፍ የተሳሉት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች፣ አይናቸው ፍጥጥ ያለ፣ አንዱ ወደዚ አንዱ ወደዚያ ሚያይ። ልጁ «አባባ ስንት ናቸው?» አለኝ። አላውቅም እንቁጠር አልኩት። ጫማችንን እንዳወለቅን አንገታችንን ቀልብሰን ቆጠርን፣ የኔና የሱ አልገጠመም፣ እንደገና ቆጠርን አሁንም አልገጠመም፣ ጭራሽ የኔው የመጀመሪያና የኔው ሁለተኛ ራሱ አልተስማሙም፣ ጥግ ጥጉ ላይ ያለው ደብዝዟል እኔም አይኔ እንደ ድሮው አይደለም። እዛ ያገኘነውን አንድ አስጎብኚ ብንጠይቀው ሌላ ቁጥር ነገረን። ማጅራቴን ሦስት ቀን አመመኝ። ግን ልብ አርጊ፣ ልጁ አንዴም «በቃ አባባ እሱ ያንተ አስተያየት ነው» አላለኝም። «ተሳስተሃል፣ ድገም» ነው ያለኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። አራት ሰው አራት ቁጥር ቢጠራም እላይ ያለው ቁጥር አንድ እንደሆነ፣ እኛ ስላልተስማማን እንደማይቀየር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

አሁን ጣሪያው ላይ ያሉት ፊቶች ስንት ናቸው ሚለውና፣ እነዛ ፊታቸው የተሳለው መላእክት በእውነት አሉ ወይ ሚለው ጥያቄ በአንድ በኩል አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም መልስ አላቸው፣ መልሱ ደሞ እኛ ስለወደድነው ሚሆን አይደለም። ሚለያዩት የመጀመሪያውን በማጅራት ሕመም ትደርሺበታለሽ፣ ሁለተኛው በማጅራት አይሆንም። የሰሌዳሽ መስመር ያምታታው ይሄን ነው። ፋክት ምንድነው ስትያቸው «በማስረጃ ሚረጋገጥ» ብለሻቸዋል መቼም፣ ኦፒኒየን ደሞ «ሰው ሚያስበው ወይ ሚሰማው»። እስቲ በዚ መሃል ስንት ነገር መሬት እንደሚወድቅ ተመልከቺ። «አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ከመጠጣታቸው በፊት መጨረሻ ያሰቡት ስለ ልጃቸው ስለ አለማየሁ ነው» ብልሽ የቱ ጋ ትጽፊዋለሽ? ሚያዝያ 1860 ዓ.ም እዛ አምባ ላይ በዛ ሰዓት በጭንቅላታቸው የሆነ ነገር አልፏል፣ ወይ አለማየሁ ነው ወይ አይደለም። ማንም ደሞ ማረጋገጥ አይችልም፣ መቼም ቢሆን። ፋክት ሥር ልትጽፊው ማስረጃ የለሽም፣ ኦፒኒየን ሥር ብትጽፊው ደሞ ውሸት ነው፣ የሳቸው ሐሳብ የኛ ጣዕም አይደለማ። ስለ ምን እናወራለን ሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ በምን እናውቀዋለን ሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ መማሪያው ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቶ አንድ መስመር አረገልሽ።

እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አንድ የሒሳብ ነገር ካላወራሁ አይወጣልኝም፣ ታገሺኝ። 3ን ካሬ አርገሽ 4ን ካሬ አርገሽ ብትደምሪ፣ 9 እና 16 ማለት ነው፣ 25 ይመጣል፣ እሱ ደሞ የ5 ካሬ ነው፣ እንደዚ ሚገጣጠሙ ቁጥሮች ሞልተዋል። ካሬውን ትተሽ ኪዩብ ብታረጊያቸው፣ 3 በ3 በ3 እንደማለት፣ ወይ ከዛ በላይ ፓወር ብትወጪስ? ፈርማ ሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ በ1637 አካባቢ ከዜሮ በላይ የሆነ አንድም ሚገጥም ሙሉ ቁጥር የለም ብሎ የመጽሐፍ ዳር ላይ ጫረ፣ ማረጋገጫውንም አግኝቻለሁ ግን ኅዳጉ አይበቃኝም ብሎ ተወው። (ይሄን ለተማሪዎቼ ሳወራ ፈተና ላይ «ወረቀቱ አልበቃኝም» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ ነበረ።) እኛ ጋ ይሄን ጊዜ ፋሲል ጎንደርን ከቆረቆሩ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነው። ከዛ ግንቡ ተሠራ፣ ነገሥታት መጡ ሄዱ፣ ዘመነ መሳፍንት አለፈ፣ ድርቡሽ አቃጥሎን ሄደ፣ ጣሊያን መጥቶ ፒያሳን ሠርቶ ሄደ፣ የፈርማን ነገር ግን ማንም ማረጋገጥ አልቻለም። አንድሪው ዋይልስ ሚባል እንግሊዛዊ በ1993 እ.ኤ.አ ጨረስኩት አለ፣ ስህተት ተገኘበት፣ በ1994 አቃናው። ከ350 ዓመት በላይ! ታዲያ እንደ ወንድምሽ አባባል እስከ 1994 ኦፒኒየን ነበር፣ ዋይልስ እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ ፋክት ሆነ ልንል ነው? እነዛ ቁጥሮች ማንም አረጋገጠ አላረጋገጠ መጀመሪያውኑም አልነበሩም።

ወንድምሽ ጎበዝ ከሆነ፣ ይመስለኛል ደሞ፣ «እሺ ጋሼ፣ ለሒሳብ ቢያንስ ፕሩፍ ምን እንደሚመስል ይታወቃል፣ ለእግዚአብሔር ግን አይታወቅም» ይላል። እውነቱን ነው። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው አልክድም። ግን ከዛ ሚወጣው ምንድነው? «መልሱን ሁላችንንም በሚያስማማ መንገድ ማወቂያ የለንም» ነው ሚወጣው እንጂ «መልስ የለውም» አይወጣም። ደሞ እግረ መንገድሽን «ፕሩፍ የሌለው ነገር ሁሉ ኦፒኒየን ነው» ያልከው ራሱ ፕሩፍ አለው ወይ በዪው እስቲ።

ምናልባት ሰርቬይ ይዞብሽ ይመጣል። በ2009 እ.ኤ.አ ፈላስፎች ተጠይቀው ከመቶ 73 ገደማ ወደ አምላክ የለም ያዘነብላሉ ተብሏል፣ እውነት ነው። እዛው ጥናት ላይ ደሞ ሥራዬ ብለው የሃይማኖት ፍልስፍናን ከያዙት ውስጥ ከመቶ 72 ገደማ ወደ አለ ያዘነብላሉ። ሁለቱም ወገን የፈለገውን መዝዞ ሚወራወርበት ቁጥር ነው። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት በእጅ ማውጣት አልቆጠርናቸውም፣ ይሄም እንደዛው።

ከዚ ሁሉ ግን ለኔ ጉዳዩን ቁልጭ ሚያረገው እዚሁ አጠገባችን ያለ ነገር ነው። ወደ ባህር ዳር ስትሄጂ እንፍራዝን ታልፊያለሽ አይደል? ፈላስፋው ዘርአ ያዕቆብ ሀተታ ሚባለውን መጽሐፉን ጻፈ ሚባለው እዛ ተቀምጦ ነው፣ ሀብቱ ሚባል ባለጸጋ ቤት ልጆች እያስተማረ። አክሱም አካባቢ የተወለደ የቤተክህነት ተማሪ ነበር፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ አሳደዱትና ተከዜ አካባቢ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት ብቻውን ሲቀመጥ ጸሎት ያደርግና መሃል ላይ ለመሆኑ ሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ከዛ ያስባል፣ እኔን ማን ፈጠረኝ፣ አባትና እናቴ ብል እነሱንስ ማን፣ የነሱንስ ወላጆች፣ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄድና መጨረሻ ላይ ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ላይ ይቆማል። ወንድምሽ በዚ ላይ ቢከራከር ደስ ይለኛል፣ ብዙ ሰው ተከራክሮበታል፣ ሰንሰለቱ ለምን መቆም አለበት ሚል አለ፣ ቢቆምስ የቆመበት እናትሽ ሚጸልዩለት አምላክ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ሚልም አለ፣ ሁሉም ጨዋ ጥያቄ ነው።

ግን እኔ ላሳይሽ የፈለኩት ሌላ ነው። ሀተታው ራሱ እ.ኤ.አ በ1667 እንደተጻፈ ይናገራል፣ ሆኖም በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ ሚባል ጣሊያናዊ ምሁር ተነስቶ ዘርአ ያዕቆብ ሚባል ሰው የለም፣ ይሄን የጻፈው ሐገራችን የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሚባል ሚስዮናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው አለ። ሌላው ደገፈው፣ ክሎድ ሰምነር ደሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የለም የዘርአ ያዕቆብ ነው ብለው ዓመታት ለፉበት፣ እስከዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ የተማረ ሰው፣ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለኝ ሚል። አንድም ሰው ግን «ለሮሲኒ ሚስዮናዊው ጻፈው፣ ለሰምነር ዘርአ ያዕቆብ ጻፈው፣ ሁሉም የራሱ ኦፒኒየን ነው» ብሎ አያውቅም! አንድ እጅ ነው ያንን ሀተታ የጻፈው። ያ እጅ የእንፍራዝ ሰው እጅ ነው ወይ አይደለም። ስለ ሰውዬው መኖር እንዲህ እንደ ሰው ሚያስቡ ስለ ፈጣሪ መኖር ሲሆን ምን ነካቸው?

ምን እንደነካቸው የገባኝ ይመስለኛል፣ ሰላም ፈልገው ነው። «ኦፒኒየን ነው» ማለት «አንጣላ» ማለት ነው። ደግ ሐሳብ ነው፣ አላቃልለውም፣ በተለይ አሁን ባለንበት ጊዜ። ግን ሰላም ለመሆን የግድ ማንም አልተሳሳተም ማለት አይጠበቅብንም። አዲስ ዓለም ሰፈር አርባ ዓመት ቡና የተጣጣን ሙስሊም ወዳጅ አለኝ፣ እሱ ስለ ኢየሱስ ተሳስተሃል ብሎ ያምናል፣ እኔ ደሞ እሱ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጄን ስድር ለሱና ለዘመዶቹ በሬው በሙስሊም እጅ ለብቻ ታርዶ፣ ድስቱ ለብቻ፣ አሳላፊው ለብቻ፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነበር። ያን ለብቻ የታረደውን በሬ ነው አክብሮት ምለው። «ያው ሥጋ ሥጋ ነው፣ የሃይማኖት ነገር አስተያየት ነው» ብዬ ከኛው ብሰጠው ኖሮ አከበርኩት ማለት ነው? እሱ ሐራም ነው ሚለው የምር ሐራም ነው ብሎ ስለሚያምን ነዋ፣ ደስ ስላላለው አይደለም።

እና እናትሽ ጀበናውን ሲያስቀምጡ ነገሩን ከሁላችሁም ቀድመው የያዙት እሳቸው ናቸው። ፍልስፍና አልተማሩም፣ ግን ስድስት ልጅ ወልዶ አብሯቸው ያረጀ ባላቸውን አንድ ሰው መጥቶ «ባልሽ እኮ ያንቺ አስተያየት ነው» ቢላቸው ሚሰማቸው ነው የተሰማቸው። (ስድስት ያልኩት ከራሴ ነው፣ ስንት እንደሆናችሁ አልጻፍሽም።) የለም ቢባሉ ኖሮ ያለቅሱ ነበር፣ ይከራከሩም ነበር። አስተያየት ነው ሲባሉ ግን መከራከሪያም አጡ፣ ከጣዕም ጋር ማን ይከራከራል?

ለሳቸውም ግን አንድ ነገር አለኝ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ። ጸሎተ ሃይማኖት ሲጀምር «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ነው ሚለው፣ እናምናለን። እናውቃለን አይልም፣ ይመስለናልም አይልም። አማርኛችን ራሱ ማመን ሚለውን ቃል ሲጠቀምበት ልብ ብለሻል? ፍርድ ቤት «ተከሳሹ አመነ» ሲባል አዎ ሆኗል አለ ማለት ነው፣ ስለሆነ ነገር ነው። «እሱን ሰውዬ አምነዋለሁ» ስትዪ ደሞ ሁሉንም ሳታይ ክብደትሽን ጣልሽበት ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ቃል ውስጥ ናቸው። ተማሪሽ ልጅቷም ቤቷ ምትለው «አሽሀዱ» ነው፣ እመሰክራለሁ ማለት ነው፣ ምስክር ደሞ ስለ ጣዕሙ አይጠየቅም፣ ስለሆነው ነው ሚጠየቀው፣ ሁለት ምስክር ሲለያይም ዳኛው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብሎ አያሰናብትም። ስለዚ ሐሳቡ የኛ ነው፣ እምነቱ የኛ ነው፣ ምስክርነቱ የኛ ነው፣ ነገሩ ግን የኛ አይደለም። ወንድምሽ «ያለ አይመስለኝም» የማለት መብት አለው፣ መምሰሉ የሱ ነው። ያለመኖሩ ወይ የመኖሩ ነገር ግን በሱ እጅ አይደለም፣ በእናትሽም እጅ አይደለም።

እዚ ላይ ደሞ ሌላኛው ወገን ደስ እንዳይለው። ፋክት ነው ያለ ሰው ቀጥሎ ዱላ ሚያነሳበት ታሪክ አለን። ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ ካቶሊክ ሆነው በአዋጅ ሕዝቡን ሁሉ እንደሳቸው ሁን አሉ፣ ስንት ደም ፈሶ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀው ሃይማኖቱ ተመለሰ። በደርግ ጊዜ ደሞ ካድሬው የለም ማለትን ሳይንስ አርጎ ሲያስጠናን እኔ ራሴ ተቀምጬ ማስታወሻ ይዣለሁ። አዋጁም ካድሬውም አንድም ነገር አላኖሩም አንድም ነገር አላጠፉም።

ሩቅ ምን አስኬደኝ፣ ራሴ አለሁ። በ1980ዎቹ ነው፣ ሰሌዳ ላይ የቁጥር መስመር አስምሬ ዜሮ መሃል፣ በግራ በኩል ኔጌቲቭ እየሄደ እየሄደ መጀመሪያ የለውም ብዬ ሳስረዳ አንድ ቀጫጫ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር እግዚአብሔርም እንደዚ ነው? ሁሉን እሱ ከፈጠረ እሱን ማን ፈጠረው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ መልስ አልነበረኝም፣ መልስ የሌለው አስተማሪ ደሞ እጅ ብቻ ነው ያለው፣ በጥፊ አልኩት። ቾኩ ጉንጩ ላይ አምስት ነጭ ጣት ሆኖ ቀረ፣ እስከ ደወሉ አልጠረገውም። ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቶ ፒያሳ ጃንተከል ዋርካ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው አቁሞኝ «ጋሼ መልሱን እኮ አልነገሩኝም» አለ፣ እሱ ነው፣ ጋራዥ አለው። የተፈጠረ ነገር ነው ፈጣሪ ሚፈልገው፣ ያልተፈጠረ ከሆነ ማን ፈጠረው አይባልም፣ አባቶች እንደዚ ነው ሚመልሱት አልኩት። አሰበና «እና ይሄን ለመናገር ምን ያህል ይፈጃል?» አለኝ። ይቅርታ ጠየኩት። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ነው የመታሁት፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለዚ ሰኞ። ቾክሽን ያዢና መሃል ያለችውን መስመር በዳስተር አጥፊያት። ልጆች ባለፈው የሳልኩት ልክ አልነበረም በያቸው፣ አስተማሪ ሲሳሳት ማየት ይወዳሉ። ከዛ ስለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፣ ስለኔ ነው ሚያወራው ወይስ ከኔ ውጪ ስላለ ነገር? ቀጥሎ፣ እንዴት ነው ምናጣራው? ሽሮው በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። ጎንደር ካርታ ላይ ትታያለች። በሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት አለ ሚለውን ስጫቸው፣ ስለኛ እንዳልሆነ ወዲያው ይሉሻል፣ ማጣራቱ ላይ ሲደርሱ ይንጫጫሉ፣ ተያቸው ይንጫጩ። የቴዎድሮስን ስጫቸው፣ ይሄ የጎንደር ልጅ ሁሉ ሐሳብ አለው። ከዛ የልጁ ጥያቄ ሲመጣ፣ ይመጣል አይቀርም፣ ከኛ ውጪ ስላለ ነገር ሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው፣ ወይ እውነት ነው ወይ አይደለም፣ ሰዎች ብዙ ሺ ዓመት ምክንያት እያቀረቡ ሲከራከሩበት ኖረዋል፣ ሁሉንም ያስማማ ማጣሪያ ግን አልተገኘም በያቸው። እውነት ነው አይደለም ሚለውን አንቺ አትመልሺ። ፈርተሽ አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ስለሚል ነው፣ እሱም በሁለቱም በኩል ነው ሚሠራው፣ አለ ብለሽ እንዳታሰብኪ፣ ኦፒኒየን ነው ብለሽም የልጆቹን ቤት እንዳታፈርሺ። የቀረውን ቤታቸው ሄደው ይጠይቁ። ወላጅ ቢመጣብሽ ይሄንኑ ድገሚለት፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ሙስሊም ሚቆጣበት ነገር አይታየኝም፣ ከተቆጣም ቡና ጋብዢው።

አሁን ወንድምሽ። ይሄን ሁሉ የፈርማና የዘርአ ያዕቆብ ነገር ለሱ እንዳታነቢለት። እንዲያውም ይሄን ጽሑፍ አታሳዪው። በክርክር ሚረታ ልጅ ቢሆን ኖሮ ቀና ሳይል አይመልስም ነበር። ዶርም አብሮት ሲያድር የነበረ ልጅ ሞቶበታል፣ ፊት ለፊቱ ያለው አልጋ ላይ ፍራሹ ተጠቅልሎ ስንት ሌሊት እንዳየው አናውቅም። እንደዛ የሆነ ሰው አለ ለማለት ይናደዳል፣ የለም ለማለት ደሞ ጓደኛውን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር ይሆንበታል። ኦፒኒየን ሚለው ቃል መሃል ላይ ያለች ጥላ ናት፣ እዛ ሥር ነው የተቀመጠው። ይሄ ሁሉ ስቃይ እያለ ደግ አምላክ እንዴት ይኖራል ሚለው ደሞ ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልሽ፣ ከሁሉ ከባዱ እሱ ነው፣ ኢዮብም የጠየቀው እሱን ነው፣ እኔም እስካሁን ሙሉ መልስ አለኝ አልልም።

እና ስለ እግዚአብሔር አትጠይቂው፣ ስለ ልጁ ጠይቂው። ስሙ ማን ነበር፣ የየት ሀገር ልጅ ነው፣ ምን ያስቀው ነበር። ሙት ዓመቱ መቼ እንደሆነ ጠይቂው፣ ቤተሰቦቹ ጋ መሄድ ከፈለገ አብረሽው ሂጂ። እናትሽንም ይሄንኑ በያቸው፣ የልጃቸው ጓደኛ መሞቱን በደንብ ሰምተዋል ወይ? አንዳንዴ እኮ ወንድ ልጅ ለእናቱ «አንድ ልጅ ሞተ» ብሎ ብቻ ነው ሚያልፈው። ቡናው ሲፈላ እሱ ይቁላው፣ እሳቸው ይቅዱ፣ ማንም ስለ ፋክት አንድም ቃል አይተንፍስ፣ በረካው ድረስ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

ያ እጁን ያወጣው ልጅ ሰኞ ምን እንዳለ ግን ጻፊልኝ።